85 ሺህ ብር ያስከፈለችኝ ሳንቲም

እናቴ የጣና ዳሯ የዘጌ ልጅ ናት። አያቴ የጓሮዋን ቡናና ጌሾ በታንኳ ባህር ዳር እያወጣች ስትሸጥ የኖረች፣ ወረቀት ገንዘብ የማይመስላት ሴት ነበረች ይሉኛል። ከሽያጯ የተረፋትን ጠገራ ብር በጨርቅ ቋጥራ ከሙዳይዋ ሥር ትደብቅ ነበር። ያ ቋጠሮ በ2008 ዓ.ም. ለእኔ ደረሰኝ። ስፈታው አሥራ አንድ ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ብር)፣ ሁለት የምኒልክ ብር እና አንዲት አላድ (የብር ግማሽ) ወጡ።

እኔ ባህር ዳር ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለኝ። መብራት ሲጠፋ ሥራ የለም፤ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ሰው እጁን የሚያፍታታበት ነገር ይፈልጋል። ቋጠሮውን ከመሳቢያ እያወጣሁ ማገላበጥ ጀመርኩ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የጥንት ሳንቲም ነገር ተጣባኝ። ያስከፈለኝን ደግሞ በርእሱ አይታችሁታል። እንደኔ ከአያት ወይም ከእናት ቋጠሮ የደረሳችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ደላላው እናንተ ጋ ከመምጣቱ በፊት ይህን ብታነቡልኝ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ገንዘብ አላስወጣኝም፤ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ብሮቹ ጠቁረው ነበር። ለሰው ከማሳየቴ በፊት ላሳምራቸው ብዬ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሎሚና በአመድ አሸኋቸው። አልበቃኝም፤ በጥርስ ሳሙናና በብሩሽ ደገምኩላቸው። እንደ መስተዋት አበሩ። ደስ ብሎኝ በሰፈራችን ወደሚታወቁ አንድ አዛውንት ወሰድኳቸው። ጡረታ የወጡ የባንክ ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሳንቲም ሲሰበስቡ የኖሩ። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን አዩ፣ ሁለተኛውን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው፣

«አያትህንም እንዲህ በአመድ ታሻት ነበር?» አሉኝ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። በብር ላይ የሚኖረው ጥቁረት እንደ ቆዳ ነው፤ ሲያሹት አብሮ የላይኛው የብር ገጽ ይነሳል፣ የንግሥቲቱ ጸጉርና የንስሩ ላባ ይደበዝዛል፣ በማጉያ መነጽር ሲታይ ደግሞ ሙሉው ገጽ በጥቃቅን ጭረት ተሞልቶ ይገኛል። ለሚያውቅ ሰብሳቢ የታጠበ ብር ዋጋው ወርዷል፤ ወደነበረበት የሚመለስበት መንገድም የለም። ከአሥራ አራቱ ያልታሸችው አላዷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሎሚው ስላለቀብኝ ነው የተረፈችው።

ጋሼ ያን ቀን ብዙ አስተማሩኝ። ሁሉም ማርትሬዛ ላይ 1780 ተጽፏል። ማርያ ትሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከሞተች በኋላ ግን ብሩ በቀይ ባሕር ዙሪያ በጣም ስለተለመደ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቪየና ውስጥ መታተሙ ቀጠለ። በኋላም ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ ታትሟል። ጣሊያን ለወረራው ስትዘጋጅ በ1930ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ማተሚያውን ወስዳ ሮም አስመትታዋለች። ስለዚህ «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እናንተ እንደማታውቁ ያውቃል። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነጥብ ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ ቀሪው መዳብ። ጠርዙ ላይ በላቲን ፊደል የተነሳ ጽሑፍ አለበት፤ በሻጋታ የተቀዳ ሐሰተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለጠው እዚያ ጠርዙ ላይ ነው። ድሮ ነጋዴው የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ሉል በጣቱ ይቆጥር ነበር፤ ዘጠኝ ካልሆነ አይቀበልም። የምኒልክ ብር ደግሞ ፓሪስ ነው መታተም የጀመረው፤ የመጀመሪያው ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ይላል። ብዙ ገበሬ ግን ለረጅም ጊዜ «የሴትዮዋን ካልሆነ» እያለ አልቀበልም ብሎ አስቸግሯል።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ወደ ቤቴ ስመለስ አዋቂ ሆኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ለሚያታልል ሰው እንደ ጀማሪ አዋቂ የሚመች የለም።

ደላላው መጀመሪያ የመጣው መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ማርትሬዛ አይቶ «ኧረ ይህ ነገር እኛም ቤት አለ» አለ። በሳምንቱ አንድ አመጣልኝ። መዘንኩት፣ ጠርዙን አየሁ፣ ሉሉን ቆጠርኩ፤ እውነተኛ ነው። ዋጋውም ከገበያው በታች ነበር። ከወር በኋላ ሌላ አመጣ፤ እሱም እውነተኛ፣ እሱም ርካሽ። በኋላ ሳስበው እነዚያ ሁለት ብሮች ማጥመጃ ላይ የተሰካ ትል ነበሩ። የጣና ልጅ ሆኜ ይህን አለማየቴ!

ሚያዝያ 2010 ላይ ደወለልኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ላሳይህ፣ ግን በእግዜር ስም ለማንም አትንገር» አለኝ። በስልኩ ያሳየኝ የወርቅ ሳንቲም ነበር። በአንድ ወገን ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ በዙሪያው «ንጉሥ ኢዛና» የሚል ጽሑፍ፤ ከላይ ጨረቃ፣ በሌላው ወገን መስቀል። አንድ ገበሬ ዘጌ ውስጥ ማሳውን በበሬ ሲያርስ ማረሻው ገል ሰብሮ እንዳገኘው ነገረኝ። እኔ እንኳ «የአክሱም ሳንቲም ጣና ዳር ምን ይሠራል?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ «አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጣና ቂርቆስ ተቀብረዋል ይባል የለ? ኢዛናን ያጠመቁት እሳቸው አይደሉም? ታዲያ የንጉሡ ወርቅ ከእሳቸው ጋር ቢመጣ ምን ይገርማል?»

አያችሁ፣ የማውቃትን ትንሽ ታሪክ ወስዶ መልሶ ለእኔው ሸጠልኝ። ስለ ፍሬምናጦስ (አባ ሰላማ) እና ስለ ኢዛና ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ የጣና ቂርቆሱን ትውፊት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ሁለቱን እውቀቶች በአንድ ክር ሲያስራቸው ክሩን ሳልጎትት ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥድፊያ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ገዥ አለ፤ ከነገ ወዲያ ይደርሳል። ገበሬው ፈርቷል፤ መንግሥት ይወርሰኛል ብሎ ሊያቀልጠው ነው። 120 ሺህ ብሎ ጀምሮ በ85 ሺህ ተስማማን። 60 ሺህ እቁብ ወጥቶልኝ ነበር፤ ልጆቹን የተሻለ ትምህርት ቤት ለማስገባት ያሰብነው ገንዘብ። ቀሪውን 25 ሺህ ከባለቤቴ ወንድም «ማሽን ልገዛ ነው» ብዬ ተበደርኩ። ሚዛን ይዤ ልምጣ ስለው «ሰው ያየናል» አለኝ። ይልቁን ራሱ ማግኔት ከኪሱ አወጣና ሳንቲሟን አስጠጋላት፤ አልያዛትም። «ወርቅ ማለት ይኸው» አለ። ማግኔት ነሐስንም መዳብንም እንደማይዝ ልቤ ያውቅ ነበር፤ እጄ ግን ገንዘቡን እየቆጠረ ነበር። ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር፣ ዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ 85 ሺህ ብር ሰጥቼ በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ያለች ሳንቲም ተቀበልኩ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና፤ አንድ ሰው ሲሸጥላችሁ «ለማንም አትንገር» ካለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቢያንስ ለሦስት ሰው ንገሩ። ምስጢር የሚጠብቀው እሱን እንጂ እናንተን አይደለም። እኔ በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ ለጋሼ አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ ነገሩ በሦስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ያልደወልኩት ስላልተመቸኝ አይደለም፤ ጋሼ ራሳቸው ቢገዙብኝስ ብዬ ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ ይኼው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኜ ነበር።

ስምንት ቀን ደበቅኳት። ሌሊት ተነስቼ ከሩዝ ጆንያ ውስጥ አውጥቼ አያታለሁ፤ ለባለቤቴም አልነገርኩም። በዘጠነኛው ቀን እሑድ እናቴ ለቡና መጣች። ባለቤቴ ጓዳ ስትገባ አላስቻለኝም፤ ብልቃጡን ከፍቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ምንድን ነው?»

«የኢዛና ወርቅ ነው እማዬ። ደግሞ ከየት እንደተገኘ ብታውቂ! ካገርሽ፣ ከዘጌ። ገበሬ ማሳውን ሲያርስ ነው ያገኘው።»

ስኒዋን አስቀመጠች። «ሲያርስ? በምን?»

«በበሬ ነዋ።»

እናቴ ሳቋ ሲመጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። አደረገች። «አንተ ልጅ፣ ዘጌ ከመቼ ወዲህ ነው በበሬ የሚታረሰው?»

የአገሩን ነገር ለማታውቁ ልንገራችሁ። ዘጌ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን የተነሳ በበሬ አይታረስባትም፤ ከብትም አይረባባትም። ጻድቁ ሕዝቡ ያለ እርሻ እንዲኖር ጸልየዋል፣ ቡናውም ጌሾውም ሎሚውም በእሳቸው በረከት በቀለ ይባላል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ነው። ይህን እኔ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ክረምት ክረምት አጎቶቼ ጋ አድጌያለሁ፤ በዚያ ሁሉ ክረምት ዘጌ ውስጥ ቀንበር የተጫነበት በሬ አይቼ አላውቅም። ግን ወርቅ ሲያዩ ሰው የእናቱን አገር ይረሳል ለካ። ደላላው የገዛ ቤተሰቤን ታሪክ ተሳስቶ ሲነግረኝ ራሴን ነቅንቄ ነው የሰማሁት።

ሰኞ ጠዋት ወርቅ ቤት ሄድኩ። ወርቅ ሠሪው የሠራልኝን እናንተም ቤታችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ስለሆነ በደንብ ልጻፈው። መቶኛ ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሳንቲሟን መዘናት፤ 9.3 ግራም። ከዚያ በብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ንባቡን ወደ ዜሮ መለሰ። ሳንቲሟን በቀጭን ክር አስሮ ውሃው ውስጥ አንጠለጠላት፤ ታችም ጎንም ሳትነካ። ሚዛኑ 1.1 አነበበ። ይህ ቁጥር ሳንቲሟ የገፋችው ውሃ ነው። 9.3ን ለ1.1 ሲያካፍሉት ስምንት ተኩል አይሞላም። ንጹሕ ወርቅ ከአሥራ ዘጠኝ በላይ ይመጣል፣ ንጹሕ ብር አሥር ተኩል፣ ማርትሬዛ ደግሞ መዳብ ስላለበት አሥር አካባቢ። ስምንት ከምናምን ግን ነሐስ ነው። ወርቅ ሠሪው በመርፌ ጫፍ ጠርዟን ጫር ሲያደርጋት ቢጫው ቅብ ተላጠ። «ስንት ገዛኸው?» አለኝ። «ስጦታ ነው» አልኩት። ምን ልበለው?

ከዚያ ነው ጋሼ ጋ የሄድኩት፤ መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ ቤት መጨረሻ ላይ። በማጉያ መነጽር እንኳ አላዩዋትም፤ በክንድ ርቀት ይዘው ጥፋቷን ቆጠሩልኝ። አንደኛ መጠኗ። የመጀመሪያው የአክሱም ሳንቲም አሳታሚ ንጉሥ እንዱቢስ ነው፤ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም። የእሱ ወርቆች ሦስት ግራም አይሞሉም፤ ከኢዛና ዘመን በኋላ የመጡት ደግሞ ወደ አንድ ግራም ተኩል ገደማ ወርደዋል። ስፋታቸው የአሉሚኒየሟን አንድ ሳንቲም የምታህል ነው። የእኔዋ ዘጠኝ ግራም ናት! ሁለተኛ ጽሑፉ። የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ከጥቂት በስተቀር የሚጻፈው በግሪክ ፊደል ነው፤ ወርቁ ለውጭ ንግድ ስለነበረ። ግዕዝን በሳንቲም ላይ የጀመረው ንጉሥ ዋዜባ ነው፤ ያኔም ፊደሉ እነ ካዕብ ሣልስ የሉበትም፤ በግእዙ ፊደል ብቻ ነው የሚጻፈው። የእኔዋ ላይ ያለው «ንጉሥ ኢዛና» ግን ከኮምፒውተር የወጣ ፊደል ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ፤ ያን ፊደል በየቀኑ ነው የማትመው።

ሦስተኛው ነው የሚያስቀው። ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባሳተማቸው ሳንቲሞች ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት አለ፤ ከተቀበለ በኋላ ጨረቃዋ ወርዳ መስቀል ገባ። በዓለም ላይ መስቀልን በሳንቲም ካሳተሙ የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት አንዱ ነው። የእኔዋ ላይ ግን ጨረቃም መስቀልም አብረው አሉ። «ይኼ ንጉሥ» አሉ ጋሼ፣ «ጠዋት ተጠምቆ ማታ ሐሳቡን የቀየረ ነው።»

ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቄ ወደ እንባ ሲሄድብኝ አዩና ዝም አሉ። ከዚያ ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ «እንኳን ሐሰት ሆነች።»

እውነተኛ ብትሆን ኖሮ ምን ይደርስብኝ እንደነበር አስረዱኝ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከመሬት የተገኘ ጥንታዊ ሳንቲም ቅርስ ነው። ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆፈር ወይም በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ጠብቆ ወዲያው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት። ያለ ፈቃድ መቆፈርም ሆነ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። እኔ በጨለማ፣ ለማንም ሳልናገር፣ ከመሬት ወጣ የተባለ ቅርስ ገዛሁ ብዬ ነበር የማምነው። ሌባው ባያጭበረብረኝ ኖሮ ወንጀለኛው እኔ ነበርኩ። ፖሊስ ጋ ሄጄ ማመልከት የከበደኝም ለዚህ ነው፤ «ምን ገዝተህ?» ሲሉኝ ምን እመልሳለሁ? በመጨረሻ ግን ሄጄ አመለከትኩ፤ ቃሌን ሰጠሁ። የደላላው ስልክ ዝግ ነበር፤ ዛሬም ዝግ ነው።

ቤት ውስጥ ስለሆነው አላስረዝምም። ባለቤቴ ነገሩን የሰማችው ከእኔ ሳይሆን «ማሽኑ ደረሰ ወይ?» ብሎ ከደወለው ወንድሟ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ያ ነው የጎዳት። ዕዳውን ከፍዬ ለመጨረስ አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ። የእኔን ጥፋት የሠራችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ለቤተሰባችሁ ንገሩ፤ በሌላ አፍ ከመስማታቸው በፊት።

አንድ ዓመት ያህል ሳንቲም ማየት አስጠላኝ። ወደ ነገሩ የመለሰኝ በ2011 ዓ.ም. ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ ብሔራዊ ሙዚየም መግባቴ ነው። በሌላ ቀን ደግሞ ስድስት ኪሎ፣ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገባሁ። እውነተኛውን የአክሱም ሳንቲም ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ስሜት ኀፍረት ነበር። እንዴት ትንሽ ናቸው! በዚያች ጥፍር በምታህል ወርቅ ላይ ንጉሡ፣ በግራና ቀኙ ሁለት የስንዴ ዛላ፣ ዙሪያውን ፊደል። ከወርቁ ይልቅ የማረኩኝ ግን የነሐስና የብር ሳንቲሞቹ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ ከንጉሡ ራስ ጀርባ ወይም ከመስቀሉ መሐል ብቻ ስስ ወርቅ ተለብጧል፤ እንዲህ ያለ ሥራ በዚያ ዘመን በሌላው ዓለም ገንዘብ ላይ የተለመደ አልነበረም። ገበያ ላይ ሽንኩርት ለሚገዛበት ገንዘብ ይህን ያህል የተጨነቀ አንጥረኛ! የንጉሥ ስም የሌለበት አንድ የነሐስ ዓይነት ደግሞ አለ፤ በግሪክኛ «ይህ አገሪቱን ደስ ያሰኛት» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ተጽፎበታል።

እነዚህ ሳንቲሞች በብዛት የተገኙት አክሱምና አዱሊስ ባሉበት በሰሜኑ ነው፤ ወርቆቹ ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ውስጥ በክምችት ተገኝተዋል። በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድም፣ ከንጉሥ አርማሕ በኋላ፣ ማተሙ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ከሺህ ዓመት በላይ የእኛ ደጋ ሰው በአሞሌ ጨውና በጨርቅ ሲገበያይ ኖሯል፤ ማርትሬዛ እስኪመጣ ድረስ። ይህን ካወቃችሁ «ጣና ዳር የወርቅ ሳንቲም ተገኘ» የሚል ሰው ሲመጣ ቢያንስ አንድ ቡና እስክትጠጡ ትዘገያላችሁ።

አሁን ቤቴ ያለውን አሠራር ልንገራችሁ፤ ከስህተት የተማርኩት ስለሆነ ይጠቅማል። አላጥብም። አፈር ካለበት እንኳ በንጹሕ ውሃ ነክሬ፣ ሳላሽ፣ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አደርቀዋለሁ፤ ከዚያ አያልፍም። ስይዝ በጠርዙ ነው እንጂ ፊቱን በጣቴ አልነካም። ለስላሳውና የሚሸተው ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ሳንቲሙን አረንጓዴ ዝቃጭ ያለብሰዋል፤ ላስቲክ ደግሞ ብርን ያጠቁራል። እያንዳንዱን በወረቀት ፖስታ ነው የማስቀምጠው። እኛ የምንኖረው ሐይቅ ዳር ነው፤ ክረምት ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ስለዚህ አዲስ ጫማ ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች እሰበስባለሁ፤ ጎረቤቶቼ ጫማ ሲገዙ ከረጢቱን ለእኔ ማምጣት ለምደዋል። ስገዛ ደግሞ በቀን ብርሃን፣ ሚዛን ባለበት፣ የሻጩ ስምና መታወቂያ በተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው የምገዛው፤ እሱም ማርትሬዛና የምኒልክ፣ ከቤተሰብ እጅ የወጣ። ከመሬት ወጣ ከተባለ እጄን አልዘረጋም። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ «ለመታሰቢያ ሁለት ስጠኝ» ሲለኝም ከመስጠቴ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ። ቅር የተሰኘብኝ አለ። ኤርፖርት ላይ ከሚያዝ እኔ ላይ ቢያኮርፍ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የምትጠቅመኝ ግን ፖስታው ላይ የምጽፋት ጽሑፍ ናት። እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ አንድ በአንድ ጠየቅኳት። ይቺኛዋ አያቴ እናቴን ስትድር ከተቀበለችው ጥሎሽ የቀረች ናት። ይቺ ቀዳዳ ያላት አንገት ላይ ስትንጠለጠል የኖረች ናት፤ ሰብሳቢ የተበሳች ብር አይወድም፣ እኔ ግን በምንም አልለውጣትም። ሦስቱ አቻዎቻቸው ከአንጥረኛ ቤት ገብተው ቀልጠው የአክስቴ የአንገት መስቀል ሆነዋል። አላዷን አያቴ ለምን እንዳስቀመጠቻት እናቴም አታውቅም። እነዚህን በሎሚና በአመድ ሳሻቸው ምኑንም አልጠየቅኳትም ነበር። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ሚዛን ከመግዛታችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ፤ ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፃቸውን ቅዱት።

በ2014 ዓ.ም. አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ሱቄ መጣ። የቤት መሠረት ሲቆፍሩ አገኘን ብሎ አፈር የበላቸው ሰባት ማርትሬዛዎች ከካልሲ ውስጥ ዘረገፈልኝ። ሳያቸው እውነተኛ ይመስሉ ነበር፤ የድሮው እኔ ተነስቶ ልቤን ሲደልቅ ተሰማኝ። አታጥባቸው፣ ያገኛችሁበትን ቦታ አትነካኩት፣ ከአሠሪህ ጋር ሆናችሁ ባህልና ቱሪዝም ሄዳችሁ አሳውቁ፣ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ አልኩት። እንደ ሞኝ አየኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ካልፈለጉ ሌላ ሰው አለ» ብሎ ብሮቹን ወደ ካልሲው መለሳቸው። በር ድረስ ተከትዬ ለመንኩት። ሄደ። ልጁን አልቀየምኩትም፤ የቀን ምንዳው ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። «ጋሼ» ያለኝ ግን ያን ቀን መጀመሪያው ነው፤ ማታ መስተዋት አየሁ።

ስለዚያች ሳንቲም የምትጠይቁኝ አላችሁ፤ ጣልካት ወይ ትላላችሁ። አልጣልኳትም። ለዓመታት መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች፤ አዲስ ሰብሳቢ ሲመጣ የውሃውን ሚዛን የማሳየው በእሷ ነው። ባለፈው ክረምት ልጆቼ እናቴ ጋ ገበጣ ሲጫወቱ አንድ ጠጠር ጎደለባቸው። ትንሿ ልጄ መሳቢያውን ከፍታ ኢዛናን ይዛ ወጣች። እናቴ ተቀብላ መጀመሪያ ወፍጮው ድንጋይ ላይ ጣል አደረገቻት፤ ድሮ እናቷ ብር ስትቀበል እንደምታደርገው። ጆሮዋን አዘንብላ ድምፁን ሰማች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሳንቲሟን ከጠጠሮቹ ጋር ጨመረቻት።